ባለ ሁለት አፈሙዝ ፍለጋ ከአማቴ ጋር

በአምሳ ዓመቱ ፍቅር የያዘው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩኝ። ሚስቴ ትርንጎ ይህን ስታነብ እንዳትደነግጥ አስቀድሜ ልናገር፤ የያዘኝ የጠመንጃ ፍቅር ነው። ያውም የጦር ጠመንጃ አይደለም። ባለ ሁለት አፈሙዝ፣ ወገቧ ላይ ታጥፋ የምትከፈት፣ ጥይቷ ስትወጣ እንደ ጤፍ የምትበተን፣ ሰዎች ለአደንና ለጨዋታ የሚይዟት ዓይነት ናት። እንቅልፍ ነሣችኝ፣ ምግብ አስረሳችኝ፣ ሥራ ላይ ለብቻዬ አሳቀችኝ። እንዲህ ያለው ነገር በሃያ ዓመቴ እንኳ አልደረሰብኝም፤ ትርንጎ ይህንንም ባታነበው ደስ ይለኛል።

ነገሩ የተጀመረው አድ ሃሎም በሚባለው የከተማችን ሰፈር ካለው መጋዘን ነው። እዚያ በዕብራይስጥ ማልጌዛ የምንላትን፣ ዕቃ በሹካዋ የምታነሣውን ትንሽ መኪና እነዳለሁ። አብሮኝ የሚሠራ ግሪሻ የሚባል ከሩሲያ የመጣ ሰው አለ። ግሪሻ ቃል ከአፉ የሚያወጣው እየቆጠበ ነው፤ ሰላምታዬን እንኳ በቅንድቡ ነው የሚመልሰው። ታዲያ አንድ ቀን ሳይታሰብ አፉን ከፍቶ፣ «ዓርብ ጠዋት ሳህን ልንመታ እንሄዳለን፣ ና» አለኝ። የምን ሳህን ብዬ ብጠይቀው የዕለቱን ቃል ጨርሶ ነበርና ቅንድቡን ብቻ አነሣ።

ሄድኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ የተኩስ ክበብ አለ። አንድ ማሽን የሸክላ ሳህን ወደ ሰማይ ይወረውራል፣ አንተ ትተኩሳለህ። ከመታኸው አየር ላይ ይበተናል፤ ካልመታኸው መሬት ወድቆ ይሰበራል። ለሳህኑ በሁለቱም በኩል ደግ ነገር የለም። ግሪሻ ጠመንጃውን አስያዘኝ፣ ትከሻዬ ላይ አስደገፈልኝ፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ቃታውን ሳብኩ። ዓይኔን ስገልጥ ሳህኑ ዱቄት ሆኖ በነፋስ ይሄዳል። ሳህኑ ከማሽኑ ሲወጣ ተሰንጥቆ እንደነበረ ግሪሻ በኋላ ነግሮኛል፤ ግን ማን ይሰማዋል? ትከሻዬ በልዞ፣ ጆሮዬ እየጮኸ፣ ጀግና ሆኜ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲያ ምርጫ ውስጥ ገባሁ። ሰው ሁሉ ጠመንጃ ያው ጠመንጃ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር፣ በስልኬ ላይ ጢማም ሰዎች በማላውቀው ቋንቋ ስለ ጠመንጃ የሚያወሩባቸውን ፊልሞች ማየት እስክጀምር ድረስ። አንድ ቃል ሳይገባኝ ራሴን እየነቀነቅኩ አያቸዋለሁ። ከጣሊያን የሚመጣው ጎኑ ላይ ወፍና ቅጠል የተቀረጸበት ነው፤ ሲያዩት ያምራል፣ ዋጋው ግን ቤት ያስሸጣል። ከሩሲያ የሚመጣው ርካሽ ነው፣ ግሪሻም ይምልበታል፣ ክብደቱ ግን ከባቡር ሐዲድ ቆርጠው የሠሩት ያስመስለዋል። ከቱርክ የሚመጣው ደግሞ የጣሊያኑን መልክ ይዞ በእኔ ዓይነቱ ሰው ደመወዝ የሚደፈር ነው። ልቤ ወደ ቱርኩ አዘነበለ። እንዳትስቁብኝ እንጂ፣ ለልጅ ስም እንደሚያወጣ ሰው ስም ሁሉ ፈልጌላት ነበር።

ጠመንጃው እስኪመጣ እጄ እንዳይሰንፍ በረንዳ ላይ በመጥረጊያ መለማመድ ጀመርኩ። የምንኖረው ሮቫ ሄ በሚባለው ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። የመጥረጊያውን ዘንግ ትከሻዬ ላይ አደርግና የምትበር እርግብ እከተላለሁ፤ ልክ ስትደርስልኝ በአፌ «ቧ» እላለሁ። ከፊት ለፊታችን ካለው ሕንፃ ለእርግብ ፍርፋሪ የምትበትን ሱዚ የምትባል አሮጊት አለች። ለካ ስታየኝ ሰንብታለች። አንድ ቀን እኔ ሥራ እያለሁ መንገዱን ተሻግራ፣ ደረጃውን ወጥታ፣ በራችንን አንኳኩታ፣ «ባልሽ እርግቦቼን በመጥረጊያ እያነጣጠረባቸው ነው፤ ሐኪም ቤት ውሰጂው» ብላ ለትርንጎ ነገረቻት።

ማታ ትርንጎ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ። ምንም መሸሸጊያ ስላልነበረኝ ተናዘዝኩ።

«ጠመንጃ?» አለች። «አንተ? ቲማቲም ስትቆርጥ ጣትህን የምታቆስለው?»

ይህ ነገር አናቴ ላይ ወጣ። የቲማቲሙ ቢላ ደነዝ እንደነበረ እሷም ታውቃለች። በንዴት አፌ የመጣልኝን ተናገርኩ፤ «ለእኔ መሰለሽ እንዴ? ለአባ ብዬ ነው እንጂ።»

ትርንጎ እጇን ከወገቧ አወረደች። እኔም ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም ያነሣሁት ነገር የሚቀለድበት አልነበረም።

አባ የምለው አማቴን፣ አባ ፈረደን ነው። ባለቤታቸው እማማ እንኮይ ካረፉ ዓመት አልፎታል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አባ ፈረደ እኛ ዘንድ ናቸው። ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ቴሌቪዥኑ ግን ጠፍቶ ነው። ብሉ ሲሏቸው ይበላሉ፣ ተኙ ሲሏቸው ይተኛሉ። ለሁሉ ነገር መልሳቸው «እሺ» ነው። ምኩራብ እንሂድ ሲሏቸው እሺ ይሉና አይነሡም። የባለቤታቸውን ስም ከቀብሩ ወዲህ በአፋቸው አልጠሩትም። ሌላ ሰው እንኮይን ካነሣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ትርንጎ የምታለቅሰው ከማድ ቤት ነው፣ ውኃውን ከፍታ፤ እኔም እንዳልሰማ እሆናለሁ።

እኚህ ሰው ግን እንዲህ አልነበሩም። አገር ቤት ወገራ እያሉ ምንሽር ነበራቸው ይባላል። ወደዚህ ለመምጣት አገሩን ጥለው ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ ምንሽራቸውን ለጎረቤት ሰጥተው፣ እሱን ሲሰናበቱ ያለቀሱትን ያህል ለቤታቸው አላለቀሱም ብለው የሚያወሩ አሉ። እናም «ለአባ ብዬ ነው» ማለቴ ውሸት ቢሆንም የተጠጋበት ነገር ነበረው።

ትርንጎ ብዙ ካሰበች በኋላ እንዲህ አለችኝ፦ «አባዬን ከዚያ ወንበር ካስነሣህልኝ ጠመንጃውን ግዛ፣ እኔም አግዝሃለሁ። ካላስነሣሃቸው ግን መጥረጊያውንም አትነካም።»

በማግሥቱ ከአባ ፈረደ አጠገብ ተቀመጥኩና ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«አባ፣ ጠመንጃ ልገዛ አስቤ ነበር።»

የጠፋውን ቴሌቪዥን ያያሉ። እኔም ተስፋ ቆርጬ ልነሣ ስል፣

«የምን?» አሉ።

ልቤ ዘለለ። ከ«እሺ» ሌላ ቃል ከሰማን ስንት ጊዜያችን ነው። «የቱርክ ነው አባ። ባለ ሁለት አፈሙዝ።»

«ለምንህ?»

«ሳህን ልመታበት።»

አንገታቸውን አዙረው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «ሳህኑ ምን አደረገህ?»

ይህን እንዴት እንደምመልስ ጢማሞቹ ሰዎች አላስተማሩኝም። ጨዋታ ነው፣ ለመዝናናት ነው ብዬ ስንተባተብ ቆዩና፣ «አይተኸዋል?» አሉ።

«በስልክ አይቼዋለሁ።»

«በስልክ» አሉ፤ ሳይቆጡ ነው፣ ግን አንገቴን ደፋሁ። «ሰደፉን አንኳኩተህ ሳትሰማው? አፈሙዙን በብርሃን ሳታየው? ሰው ሚስቱንም ጠመንጃውንም በስልክ መረጠ በለኛ። ትርንጎ፣ ጫማዬን አምጪልኝ።»

ማድ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ትርንጎ ጫማውን ይዛ መጣች። እኔ በዚያች ቅጽበት በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝም፤ እውነቱን ለመናገር ግማሹ ደስታ ለአባ፣ ግማሹ ለቱርኳ ነበር።

ጠመንጃ ቤቱ አድ ሃሎም አካባቢ ከመጋዘኖቹ መሐል ነው። ባለ ሱቁ ወላጆቹ ከኢራቅ የመጡ፣ ሆዱ የሰፋ፣ ትዕግሥተኛ ሰው ነው። አባ ፈረደ ገና ከበሩ ሰላምታ ከሰጡት በኋላ ስለ ጠመንጃ ምንም ሳይናገሩ፣ «የማን ልጅ ነህ በለው» አሉኝ። ተረጎምኩለት። ሰውየው ለጊዜው ግራ ገባው። በአገራችን መሣሪያ የሚሸጥን ሰው ዘር ሳይጠይቁ መግዛት ነውር መሆኑን አስረዳሁት። ተቀመጠና አባቱን፣ አያቱን፣ ባግዳድ የነበረውን የጨርቅ ሱቃቸውን ተረከልን። አባ ፈረደ በጥሞና ሰምተው፣ «ደኅና ሰዎች ናቸው፤ አሁን ያሳየን» አሉ።

የጣሊያኑን አመጣ። አባ ፈረደ በጎኑ ያለውን የወፍ ሥዕል በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ይህ ለሠርግ ነው» ብለው መለሱለት። የሩሲያውን አመጣ። አንሥተው መዘኑና፣ «ይህን ተሸክሞ የወጣ ሰው ሲመለስ ጎባጣ ነው» አሉ። ግሪሻ ባለመኖሩ ፈጣሪን አመሰገንኩ። ከዚያ ቱርኳ መጣች። አፈሙዟን ወደ መብራቱ አድርገው አዩ፣ ሰደፏን በጣታቸው አንኳኩተው ጆሯቸውን አስጠጉ፣ በአንድ ጣታቸው ላይ አጋድመው ሚዛኗን ፈተኑ፣ አሸተቷት።

«ከዚህ በፊት የማን ነበረች?»

«አዲስ ናት አባ። ማንም አልተኮሰባትም።»

«ታዲያ ጠባይዋ በምን ይታወቃል?»

ባለ ሱቁ ይህን ስተረጉምለት ሳቀና ሻይ አዘዘልን። ቱርኳን ግን አባ ፈረደ አልመለሷትም፤ ጉልበታቸው ላይ አጋድመው እጃቸውን ሰደፏ ላይ ጣል አድርገዋል። የተኛ ሕፃን የያዙ ይመስሉ ነበር። ትርንጎ ብታያቸው ምን ትል ይሆን እያልኩ ሳስብ፣ በጆሮዬ፣ «አሁን ዋጋውን ጠይቀውና ተነሥተን እንውጣ» አሉኝ።

«ለምን እንወጣለን? ዋጋው እኮ ደኅና ነው።»

«ካልወጣን አይቀንስም። ቀስ ብለህ ውጣ፤ በሩ ላይ ስንደርስ ይጠራናል።»

ዋጋውን ጠይቄ፣ እሳቸውም ቱርኳን ለባለ ሱቁ መልሰው ወጣን። በሩ ላይ ስንደርስ አልጠራንም። መኪናው ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። «አሁን ይመጣል» አሉ አባ ፈረደ፣ ዓይናቸውን ከሱቁ በር ሳይነቅሉ። ፀሐይዋ ጋገረችን። መስኮት ብከፍት ጓጉተዋል ይለናል ብለው ከለከሉኝ። በመጨረሻ ሰውየው ወጣ። አባ ፈረደ ክርኔን ጎሸም አደረጉኝ። ሰውየው የሱቁን መዝጊያ አወረደ፣ ቆለፈ፣ በመኪናችን አጠገብ ሲያልፍ እጁን አውለበለበልን። መስኮቱን አውርጄ ጮኽኩበት። ያን ጊዜ ነው የምንገዛበት ሪሻዮን፣ ማለት ፈቃድ፣ እንደሌለኝ፣ ፈቃድ ለማግኘት ደግሞ አስቀድሞ የተኩስ ክበቡ ፈትኖ አባል ሊያደርገኝ እንደሚገባ የነገረኝ። እጥፍ ብንከፍለውም ሊሸጥልን እንደማይችል ጨምሮ ነገረን።

«እና ሻዩን ለምን አዘዘ?» አሉ አባ ፈረደ።

«ስለ አባቱ ስለጠየቁት ደስ ብሎት ይሆናል» አልኳቸው።

«ደኅና ሰዎች ናቸው ብዬህ የለ።»

የእኛ ሰዎች ወሬ እንዴት እንደሚሮጥ ታውቃላችሁ። በሻባት፣ በቅዳሜው ሰንበት፣ አመሻሹ ላይ በባሕሩ ዳርቻ ስንንሸራሸር አንዱ እየመጣ፣ «እንኳን ደስ አለህ» ይለኛል። ሌላው፣ «ጥቁር ናት ቡኒ?» ይላል። አንዲት የሰፈራችን እናት እጄን ይዘው የልጅ ልጃቸው ሠርግ ላይ ተኩሼ ሙሽራውን እንዳስገባላቸው ለመኑኝ። በእጄ ያለው መጥረጊያ ብቻ መሆኑን መናገር እንዴት ይቻላል? «እሺ እማማ» አልኩ። ከዚያ ወዲያ የክበቡን ፈተና ማለፍ የክብር ነገር ሆነ። በዚያ ላይ አባ ፈረደ ከሱቁ ከተመለስን ወዲህ ወደ ወንበራቸው ተመልሰው ነበር። ትርንጎ፣ «አንድ ቀን መነሣት መነሣት አይባልም» ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። እኔ ካላለፍኩ ጠመንጃ የለም፣ ጠመንጃ ከሌለ ደግሞ እሳቸውን የሚያስነሣ ሌላ ነገር አላውቅም።

ዓርብ ጠዋት ሦስታችን ወደ ሜዳው ሄድን፤ ትርንጎ ድስት ሙሉ ምግብ ይዛ፣ አባ ፈረደ የበዓል ባርኔጣቸውን አድርገው። ግሪሻ ቅንድቡን በአክብሮት አነሣላቸው። የክበቡ ኃላፊ ሩቲ የምትባል ቁመቷ ከጠመንጃው ብዙም የማይበልጥ ሴት ናት፤ ስትናገር ግን ሜዳው ጸጥ ይላል። ደንቡን ዘረዘረች፤ አፈሙዝ ሁልጊዜ ወደ ሜዳው ይዞራል። ያልተኮሰ ሰው ጠመንጃውን ከፍቶ ጥይቱን ያወጣል። የጨረሰ መደርደሪያው ላይ ያኖራል። ጠመንጃ ይዞ መዝለል የለም። ለአባ ፈረደ አንድ በአንድ ተረጎምኩላቸው። «አስተዋይ ሴት ናት» አሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ግሪሻ አስጠነቀቀኝ። ሳህን የሚወረውረው ማሽን ጆሮ አለው። ተኳሹ ፊት ድምፅ መቀበያ ተተክሏል፤ ስትዘጋጅ «ሆፕ» ትላለህ፣ ማሽኑ ሰምቶ ይወረውራል። ማሽኑ ግን ሆፕን ከሌላ ድምፅ አይለይም። ይህን በራሴ ላይ አረጋገጥኩት። የሜዳው አበባ አስነጠሰኝ፣ ሳህን በረረ። ይቅርታ ስል ሌላ በረረ። «ምን ጉድ ነው» ስል ሦስተኛው ሄደ። የተዋስኩትን ጠመንጃ ከትከሻዬ ሳደርስ የቀረኝ አንድ ሳህን ብቻ ነበር። እሱን ተኮስኩበት፤ ሳትኩ ልል አልችልም፣ ሰማዩን መትቻለሁ። ሩቲ ጆሮዋን እያከከች፣ «እንደገና ትሞክራለህ፣ እረፍ» አለችኝ። እኔም በውርደት መደርደሪያውን ረስቼ ጠመንጃውን በብብቴ እንደያዝኩ ወደ ኋላ ቆምኩ።

ሩቲ አባ ፈረደን አየቻቸው። ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው በዓይናቸው ሳህኖቹን ሲከተሉ ቆይተዋል። «ሳባ መሞከር ይፈልጋል?» አለች፤ ሳባ እዚህ አገር አያት ማለት ነው። ስተረጉምላቸው ተነሥተው ነበር። ማንም ሳይደግፋቸው ነው የተነሡት። የክበቡን ጠመንጃ፣ ልክ እንደ ቱርኳ ያለውን፣ ተቀብለው መዘኑት። የጆሮ መከላከያውን ከባርኔጣቸው በላይ አደረጉት። ሩቲ ከጎናቸው ቆመች።

«ሆፕ» አሉ። ሳህኑ በረረ። አልተኮሱም፤ እስኪወድቅ አዩት። «ሆፕ» አሉ። አሁንም አዩት። እኔ በሐፍረት ላቤ መጣ።

«ምነው አባ?»

«አካሄዱን ልየው።»

በሦስተኛው ተኮሱ። ሳህኑ አልተሰበረም፤ ጠፋ። ከነበረበት ቦታ ጥቂት አቧራ ብቻ ቀረ። ግሪሻ በሩሲያኛ አንድ ነገር አለ፣ ትርንጎ ድስቷን ይዛ ቀረች። አባ ፈረደ ጠመንጃውን ከፈቱ፣ ቀለሁን አወጡ፣ ደንቡ እንደሚያዝዘው በጥንቃቄ መደርደሪያው ላይ አኖሩት። ከዚያ ባዶ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ሩቲ ፉከራ የለም የሚል ደንብ አላወጣችም ነበር። ማን ያስበዋል?

«ዘራፍ ፈረደ፣ የወገራው ጎበዝ፣» አሉ። ሳህን በረረ።
«ሰማይ ለሰማይ ሲሸሽ ሳህን የሚይዝ።» ሌላ ሳህን በረረ።

ድምፃቸው ከየት እንደመጣ አላውቅም። ሳሎን ውስጥ ውኃ ሲጠይቁ እንኳ የማይሰማ ድምፅ ነው፣ አሁን ከሜዳው ዳር ቆመው የነበሩት ሰዎች ሁሉ ዞሩ። ወደ ግራ ይንጎራደዳሉ፣ ወደ ቀኝ ይንጎራደዳሉ፣ ማሽኑም በየስንኙ ይወረውራል።

«ዘራፍ የእንኮይ ባል፣ የቤቷ መከታ፣» ሳህን።
«ደጇን የማያስነካ በቀንም በማታ።» ሳህን።

እንኮይ አሉ። ትርንጎ ድስቷን መሬት ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ሩቲ ማሽኑን ልታጠፋ እየሮጠች ነበር፤ ሰማዩ ላይ ሳህን በሳህን ላይ ይሄዳል። እሳቸው ግን ድንገት ቆሙ። ድምፃቸው ወረደ።

«እንኮይ ነበረች ጥይት አቀባዬ፣
ማን ያቀብለኛል ዛሬ ከኋላዬ?»

እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ? ሽማግሌ ሲፎክር ማን አለኝ ብሎ ከጠየቀ፣ በዕድሜ የሚያንሰው ሰው ዝም ብሎ አይቆምም። ዘልሎ ከፊቱ ይቆምና «እኔ አለሁ» ይላል፤ ካላለ በወገራ ሚስት አያገኝም። እኔ ሚስቱን ቀድሜ ባገኝም ልቤ ተነክቷል፣ ዓይኔ እንባ ሞልቷል፣ ደሜ ፈልቷል። «እኔ አለሁ አባ» ብዬ ዘለልኩ። የዘለልኩት ግን በብብቴ ያለውን ጠመንጃ ይዤ ነው። በማስነጠሱ ምክንያት ያልተኮስኩት ጥይትም ውስጡ ነበር። አፈሙዙ ከሜዳው ተነሥቶ በግሪሻ አለፈ፣ በድስቱ አለፈ፣ ከሩቲ ላይ ደረሰ። ሩቲ መሬት ላይ ተዘረረች። ግሪሻ በአንድ እጁ አፈሙዙን ወደ ሜዳው መልሶ በሌላው ጠመንጃውን ነጠቀኝ፣ ከዚያም የዓመት ቃሉን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ በሩሲያኛ ለቀቀብኝ። የተተኮሰ ነገር የለም፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ሩቲ አቧራዋን እያራገፈች ተነሣች። የጠበቅኩትን ያህል አልጮኸችም፣ ያ ደግሞ ይብሳል። ዓመት ሙሉ ወደ ተኩስ መስመሩ እንዳልጠጋ፣ ከአጥሩ ወዲያ ካልሆነ እንዳታየኝ ነገረችኝ። ከዚያ ወደ አባ ፈረደ ዞራ፣ «እሳቸው ምን እያሉ ነበር?» አለች።

ተረጎምኩላት። የመጀመሪያውን ስንኝ ደኅና አድርጌ ተረጎምኩ። የመጨረሻው ላይ ድምፄ ተሰበረና ትርንጎ ጨረሰችልኝ። ሩቲ ወደ አባ ፈረደ ተጠጋች። «ሳባ በየዓርቡ ይምጣ። ሲፎክር ግን አስቀድሞ ይንገረኝ፣ ማሽኑን ላጥፋ» አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ እኔ ቱርኳ ከእጄ መውጣቷን፣ የሠርጉን ተኩስ፣ የሰፈሩን ሳቅ እያሰብኩ ነበር፤ ቢሆንም እንዳዘነ ሰው መሆን አቃተኝ። ፊቴ በራሱ ይስቃል። ትርንጎ ከኋላ ወንበር እጇን ትከሻዬ ላይ፣ በበለዘው በኩል፣ ጫን አደረገችው። አመመኝ፣ ግን አላነሣችውም፣ እኔም አንሺው አላልኳትም።

በሚቀጥለው ዓርብ ከእንቅልፌ የቀሰቀሰኝ የመኪናዬ ጡሩምባ ነው። በረንዳ ወጥቼ ቁልቁል ባይ አባ ፈረደ ባርኔጣቸውን አድርገው ፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ እጃቸውን መሪው ላይ አሳርፈው ሰፈሩን ያስነሣሉ። ሱዚ እርግቦቿን እየሰበሰበች ትሳደባለች። ወንበራቸው ሳሎን ውስጥ ባዶውን ነበር።

ጠመንጃ አልገዛሁም። ቱርኳ አሁንም ሱቁ ውስጥ ናት፤ አልፎ አልፎ ሄጄ አያታለሁ፣ ባለ ሱቁም ሻይ ያዝዝልኛል። የዚያን ዕለት ከአጥሩ ወዲያ ቆሜ፣ የሱፍ ፍሬ እየቆረጠምኩ፣ የራሴ ተራ የደረሰ ያህል ልቤ እየመታ እመለከት ነበር። አባ ፈረደ በመስመሩ ላይ ቆመዋል። ትርንጎ ከኋላቸው ናት፤ ጥይቱን በሽርጧ ኪስ ይዛለች። በዚያ ሜዳ ላይ ሽርጥ ያደረገ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

እሳቸው ጠመንጃውን ከፈቱ፤ ሳይዞሩ፣ ዓይናቸው ሰማዩ ላይ እንዳለ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ።

«እንኮይ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ትርንጎ አላረመቻቸውም። ጥይቱን መዳፋቸው ላይ አኑራ፣ «አቤት» አለች።

ማሽኑ ሰምቶ ሳህን ወረወረ። አባ ፈረደ ጠመንጃቸው ተከፍቶ፣ ጥይቱ በእጃቸው እንዳለ፣ ሳህኑ እየራቀ ሲሄድ አዩትና ሳቁ።